ከጨረቃዋ የቀደመችው መንዙማ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚፈልገኝ ለሦስት ነገር ነው፤ ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለ«ልምድ ማካፈል»። ለሦስተኛው የጠራኝ ደሴ ውስጥ ያለ አንድ ኮሌጅ ነበር። የብዙኃን መገናኛ ትምህርት የሚያስተምሩት መምህር፣ በዕድሜ የልጄ እኩያ የሆኑ ትሑት ሰው፣ ከተማሪዎቻቸው ፊት ከመቅረቤ በፊት እንዳያቸው ብለው ጥቂት ገጾች ላኩልኝ። ከላዩ «ዋና ዋና ፅንሰ ሐሳቦች» ይላል። ላኪ፣ መልእክት፣ መስመር፣ ተቀባይ፣ ግብረ መልስ፣ ጫጫታ፣ በር ጠባቂ እያለ ይቀጥላል። መካከሉ ላይ ሥዕል አለ፤ በግራ አንድ ሣጥን፣ በቀኝ አንድ ሣጥን፣ ከግራው ወደ ቀኙ የምትሄድ አንዲት ቀስት።

እውነቱን ለመናገር ገጾቹን ያነበብኳቸው ደስ እያለኝ ነው። ስም ሳናወጣላቸው አብረናቸው የኖርናቸው ነገሮች ለካ ሁሉም ስም ነበራቸው። ዓይኔ የቀረው ግን ቀስቷ ላይ ነው። ቀጥ ያለች፣ የማትታጠፍ፣ መንገድ ላይ ማንንም የማታገኝ ቀስት ናት። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ከወሬ ጋር ስሠራ እንዲህ ቀጥ ብላ የሄደች ወሬ አላጋጠመችኝም። ለተማሪዎቹ ይህን ላስረዳ ብዬ ጀመርኩና ሰዓቱ አለቀብኝ። ቤቴ ስገባ የቀረኝን መጻፍ ጀመርኩ።

ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። መደቤ የሕዝብ ግንኙነት ረዳት ይባል እንጂ ሥራዬ ማይክ ይዞ ማስታወቂያ መናገር ነበር። ከቢሮዬ የሚነሳ ሽቦ በየክፍሉ ከተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ጋር ይገናኛል። የሽመና ክፍሉን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ማሽኖቹ ሲነሱ ወለሉ ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ ሠራተኞቹ የሚነጋገሩት በእጅ፣ በቅንድብና በከንፈር ነው። እኔ ይህን ሳላይ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ፣ ድምፄን አሳምሬ «የተከበራችሁ ሠራተኞች» እላለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት የሰርቪስ መነሻ ሰዓት መለወጡን ተናገርኩ። በማግስቱ ሁሉም በአዲሱ ሰዓት አውቶቡሱ በር ላይ ተገኘ። ኮራሁ። ለማጣራት ያህል ግን አንዷን ሸማኔ፣ እስክሰናበት ድረስ ወዳጄ የነበረችውን ሴት፣ ማስታወቂያው በደንብ ይሰማ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አንድም ቃል አይሰማም» አለችኝ።

«ታዲያ ሰዓቱ መቀየሩን በምን አወቅሽ?»

«ማጉያው ሲንኮሻኮሽ አንድ ነገር እንዳለ እናውቃለን። ኸዚያ ሹፌሩን እንጠይቃለን።»

ሳቅኩ፤ ትንሽም ከፋኝ። ለእነሱ እኔ ደወል ነበርኩ። የሚታመነው ሹፌሩ ነው። አለቃዬ ይህን ስነግራቸው ሌላ ድምፅ ማጉያ አስጨመሩ። ሰው አልሰማም በተባለ ቁጥር አንድ ይጨመራል፤ እኔ ስለቅ ክፍሉ ከማሽን ይልቅ ማጉያ በዝቶበት ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ ሰው አንድን ነገር ሰማሁ ሲል ከማን ነው የሰማው?

ከጥያቄዬ ጋር ደሴ ወጣሁ። የሬዲዮ ጣቢያችን ሠራተኛ ይፈልግ ነበር፤ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ፣ ደመወዙ ከፋብሪካው ባይሻልም ተቀበልኩ። እዚያ ነው ጋሽ ዘነበ እጅ ላይ የወደቅኩት።

ጋሽ ዘነበ ዜና አንባቢና የፕሮግራም አዘጋጅ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ደመና ኖረ አልኖረ ጃንጥላ የማይለያቸው የቄስ ልጅ። ድምፃቸው ግን ከቁመታቸው ይበልጣል፤ ወፍራም፣ ደልደል ያለ ድምፅ ነው፣ ወሎ ውስጥ ያንን ድምፅ የማያውቅ ሬዲዮ የለውም ማለት ነው። ማይክ ፊት የሚያነቡት ቆመው ነው። ሰዓታቸውን ፈትተው ውጭ ያስቀምጣሉ፣ ኮቴያቸው እንዳይሰማ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ቁራጭ ዝንጅብል ያኝካሉ። ካልሲያቸው ሁልጊዜ ቀዳዳ አለው፤ ስለዚህ ነገር ስናሾፍባቸው «ሬዲዮ ነው እኮ» ይላሉ።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ክር መቁረጥ ነው። ያኔ ድምፅ የሚቀዳው በክር ላይ ነበር፤ የማይፈለገውን ቦታ በነጭ እርሳስ ምልክት አድርገን፣ በምላጭ ሰያፍ ቆርጠን፣ ጫፍና ጫፉን በፕላስተር እናያይዛለን። እኔ ለማሳመር ብዬ የተናጋሪውን ትንፋሽ ሁሉ እየቆረጥኩ ጣልኩ። ጋሽ ዘነበ አዳመጡና ወለል ላይ የወደቁትን ቁርጥራጮች እየለቀሙ አንድ በአንድ አስመለሱኝ። «ሳይተነፍስ የሚናገር ሰው አይታመንም» አሉኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ልማዳቸው ግን ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ወርደው አንድ ሊስትሮ ፊት ይቀመጣሉ። ማንንም «የትናንቱን ዜናችንን ሰማችሁ?» ብለው አይጠይቁም። «ምን ወሬ አለ?» ነው የሚሉት። ከዚያ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ማታ ራሳቸው ያነበቡት ዜና በሰው አፍ ተለውጦ እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ «ድልድዩ ለጥገና ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም» ብለን አነበብን። ጠዋት ፒያሳ ላይ ድልድዩ ተደርምሶ አደረ። ጋሽ ዘነበ ከት ብለው ሳቁና ቢሮ ሲደርሱ ያንን ወረቀት አወጡ። «ከነዚህ ቃላት ድልድዩን ያፈረሰው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ስንፈልግ አረፈድን። መቼ ተጠግኖ እንደሚያልቅ አልተናገርንም ነበር፤ ሰው ያንን ክፍት ቦታ በራሱ ሞላው።

«ጥፋቱ የሰሚው ነው ብለሽ አትጀምሪ» ይሉኝ ነበር። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስለ እኛ የሚወራውን እኛ አንሰማም፤ ሄደን ካልጠየቅን።» መምህሩ በላኩልኝ ገጽ ላይ ግብረ መልስ የሚለውን ሳነብ የታየኝ ያ የሊስትሮ ወንበር ነው።

አሁን ወደ መንዙማዋ ልምጣ።

በጣቢያችን ማንም ያልደነገገው አንድ ልማድ ነበር። በረመዳን ወር የማፍጠሪያውን ሰዓት ፈረቃ ክርስቲያኖቹ ይይዙታል፤ እኛ ጾመኞቹ ቤታችን ሄደን እናፈጥራለን። በገናና በፋሲካ ደግሞ እኛ እንገባለን፣ እነሱ ከልጆቻቸው ጋር ይውላሉ። ጋሽ ዘነበማ ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር «ሂጂ፣ ሾርባው ይቀዘቅዝብሻል» እያሉ ያባርሩኝ ነበር። ወሎ ውስጥ ይህ የሚያስገርም ነገር አይደለም። አክስቴ ክርስቲያን አግብታ፣ የአጎቷ ልጅ ቄስ ሆኖ፣ ሁሉም በአንድ ቅሬ፣ በአንድ ዕድር፣ ይቀባበራል።

ሁለተኛ ልማድም ነበር። የዒድ ጨረቃ መታየቷ ከአዲስ አበባ ሲነገር እኛ ተቀብለን በራሳችን ድምፅ እናስተላልፋለን። ወዲያው አንዲት የመንዙማ ቅጂ ትከተላለች፤ አንድ አዛውንት በከበሮ ብቻ የሚያዜሟት፣ ተቀባዮቹ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ እያሉ የሚቀርቡባት። ማን እንደመረጣት አላውቅም፤ እኔ ስቀጠርም ነበረች። ዓመቱን ሙሉ መደርደሪያ ላይ ትውላለች፣ በዚያች ምሽት ብቻ ትወርዳለች። የጨረቃዋን ዜና የምንይዘው፣ አፍጥረን በፍጥነት የምንመለሰው እኛ ሙስሊሞቹ ስለነበርን፣ ይህን የምናውቀው እኛው ነን። ለሌላው መንገር እንዳለብን ማናችንም አስበን አናውቅም። ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማን ብሎ ይናገራል?

በዚያ ዓመት፣ ጨረቃዋ ትታይ ይሆናል ተብሎ በሚጠበቅበት ምሽት፣ እንደ ልማዳችን ወጣሁ። ሞባይል ገና የጥቂት ሰው ነበር። ሸዋ በር አካባቢ ያለው ቤታችን ደርሼ ከእናቴ ጋር በተምር አፈጠርን፣ መግሪብ ሰገድን፣ ሾርባ ቀረበ። ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ነው። ያቺ ከበሮ ስትጀምር እናቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ እልል አለች። ከግራ ጎረቤት እልልታ መለሱላት፣ ከቀኝም፣ ከታችም። እኔም ተነሥቼ አቀፍኳት። «ዒድ ሙባረክ እማ» አልኩ። የጣቢያው ጋዜጠኛ ነኝ፤ የጨረቃዋን ዜና ላነብ የምሄደው እኔ ነኝ፤ ግን ያንን ሁሉ ረስቼ እንደማንኛውም ሰው ደስ አለኝ።

ነገሩ የከነከነኝ ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

«ዒድ ሙባረክ እታለም» አለኝ ሹፌሩ።

«ኸየት ሰማህ?»

«ኸሬዲዮ ነዋ። አሁን ተናገረ።»

«ማነው የተናገረው?»

«ያ ድምፀ ወፍራሙ ሰውዬ። ጨረቃ ታይታለች ሲል ወላሂ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ጣቢያው ስደርስ ጋሽ ዘነበ በካልሲያቸው ቆመው ወረቀት እያዩ ነበር። ፈገግ አሉ። «ምነው ቶሎ መጣሽ? ጨረቃዋ እኮ ገና አልተነገረችም።»

«ጋሽ ዘነበ፣ ከመግሪብ በኋላ ምን ለቀቁ?»

«ያቺን ቆንጆዋን መንዙማ። ወሩ ሊወጣ ነው፣ ጾመኞቹን ደስ ይበላቸው ብዬ።»

ምን እንደሆነ ስነግራቸው ከጎናቸው የነበረው ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እሳቸው ስቱዲዮ ውስጥ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። «በቃል ምንም አላልኩም እኮ ዘሐራ» አሉ። ወደ መደርደሪያው ዞረው አዩና ራሳቸው «ብያለሁ» አሉ።

ቶሎ ማረም ነበረብን። ሰው ዒድ ነው ብሎ ካደረ ሌሊት ለሱሁር ምግብ አይነሣም፤ በማግስቱ ረመዳን ሆኖ ሳለ ይበላል። ጋሽ ዘነበ ማይኩን ከፍተው የጨረቃዋ መታየት እንዳልተነገረ፣ መንዙማዋም በስህተት እንደተለቀቀች አነበቡ። ከዚያ መስኮቱን ከፍተው አዳመጡ። ከታች ከየሱቁ የሚሰማው የካሴት መንዙማ ነው።

«ሬዲዮውን ዘግተውታል» አሉ። «የሚፈልጉትን ሰምተዋል፣ ከዚህ በኋላ ለምን ይከፍቱታል? ወሬው በሄደበት እግር ካልሆነ አይመለስም።» ጫማቸውን አጠለቁ።

ቴክኒሻኑ ማስታወቂያውን እየደጋገመ እንዲቆይ ተነገረው። እሳቸው ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያው ወረዱ፣ እኔ ወደ መስጊዶቹ። እዚያ የገጠመኝን አሁንም ሳስበው ይደንቀኛል። በረመዳን ምሽት ለተራዊህ፣ ለወሩ የማታ ሶላት፣ መስጊዱ ይሞላል፤ ዒድ ከገባ ግን ተራዊህ የለም። ዒድ ነው ብሎ ያመነው ሰው ሁሉ ቤቱ ቀርቶ ነበር። ስህተቱን ሊያርም ይችል የነበረውን ቦታ ስህተቱ ራሱ ባዶ አድርጎታል። ኢማሙ እየደጋገሙ በድምፅ ማጉያ ተናገሩልኝ። ከዚያ ፒያሳ፣ ለልጆቻቸው የዒድ ልብስ የሚገዙ ሴቶች የሞሉበት ሱቅ ገባሁና ዒድ እንዳልሆነ ነገርኳቸው።

«ሬዲዮው ራሱ ተናግሯል» አለችኝ አንዷ፣ ቀሚስ እንደያዘች። «አንቺ ማነሽ?»

«እኔ ሬዲዮው ነኝ» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አትመስይም» አለች።

ወሬውን የመለሱት ባጃጆቹ ናቸው። ጋሽ ዘነበ በመንገዳቸው ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ በዚያ ድምፃቸው ነገሯቸው፤ እነሱም እንደወሰዱት በየመንደሩ መለሱት። ጨረቃዋ እንዳልታየች ከአዲስ አበባ ሲነገር ከተማው አስቀድሞ አውቆት ነበር። መናኸሪያው ላይ ግን ጋሽ ዘነበ ዘግይተው ደረሱ። ወደ ቢስቲማ የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ ወጥቷል፤ ተሳፋሪዎቹ በእልልታ ነው የሄዱት አሏቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይኸው ነው።

ከዒድ በኋላ ሼህ እንድሪስ መጡ። ከቢስቲማ ወዲያ፣ በእግር ብዙ የሚያስኬድ ዳገት ላይ ያለች መንደር ኢማም ናቸው። አጭር፣ ሽበታም፣ በትራቸውን ከበሩ ጋ ትተው የገቡ ሽማግሌ። ኃላፊያችን ጋ ሲገቡ እኔና ጋሽ ዘነበም ተጠራን።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉና ሳይቀመጡ ጀመሩ። «ሐጃዬ፣ ጉዳዬ ትንሽ ናት። ያን ማታ ሬዲዮዬ ዒድ ገባ አለ። ባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ ዘጋሁና ለሰዉ ነገርኩ። ጠዋት የዒድ ሶላት አሰገድኩ፣ አረድን፣ በላን። ቀትር ላይ ኸገበያ የመጣ ሰው ረመዳን ነው ሲለን አፋችን ውስጥ ያለውን አወጣን። ሕዝቡን ረመዳን ያስበላሁ እኔ ነኝ። ኸዚያ ቀን ጀምሮ ኸፊት አልቆምኩም። እናንተ ነግረንሃል ብትሉኝ፣ ጆሮዬ ጤነኛ መሆኑን አውቄ ልሂድ።»

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም። የዚያን ምሽት ቅጂ አስመጡና አስከፈቱላቸው። ሼህ እንድሪስ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሁሉንም ሰሙ። አዛን፣ ከበሮ፣ መንዙማ፣ ከዚያ የንግድ ማስታወቂያ። የጨረቃዋ ቃል የለም።

«ቃሉ የለም» አሉ ሽማግሌው። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ወረደ። «በጆሮዬ ሰምቼው ነበር እኮ።»

«ዕድሜ ነው ሼህ፣ ማንም ላይ ይደርሳል» አሏቸው ኃላፊያችን፣ ለማጽናናት ብለው።

«እንግዲያ በዋሸ ጆሮ የሚያሰግድ ሰው ኸፊት አይቆምም» አሉና በትራቸውን ይዘው ወጡ። ተከትያቸው ወጥቼ የባጃጁ ሹፌርም፣ እናቴም፣ እኔም ያንኑ እንደሰማን ልነግራቸው ሞከርኩ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። የነገርኳቸውን ምስክርነት ሳይሆን የአንድ ሴት ማጽናኛ አደረጉት። በጣም አዘንኩ።

ስመለስ ኃላፊያችን ማታ የሚነበብ መግለጫ አዘጋጅተው ነበር። «ጣቢያችን የዒድን መግባት የሚገልጽ ምንም ዓይነት መልእክት አላስተላለፈም» ይላል። ጋሽ ዘነበ አነበቡት፣ ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ይህን አላነብም።»

«የትኛው ቃል ነው ውሸት?»

«አንዱም። ግን ይህን ካነበብኩ እኒያ ሽማግሌ በሕዝባቸው ፊት የሌለ ነገር የሰሙ ሰው ሆነው ይቀራሉ።»

«ካመንን ደግሞ ክርስቲያን ጾማችንን አበላሸ የሚል ይነሣል። ለእርስዎም ነው የማስበው፤ የቀረዎት ጥቂት ዓመት ነው። ከዚህ ወንበር ሊነሡ ይችላሉ።»

«ይገባኛል» አሉ ጋሽ ዘነበ። «የሰማውን ሰው አልሰማህም ካልነው ግን ነገ የምንለውን ለምን ይሰማናል?»

ማታ ጫማቸውን አውልቀው ማይክ ፊት ቆሙ። ያልተፈቀደ ነገር ሊያነቡ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ቴክኒሻኑም አውቋል፤ ማናችንም አልከለከልናቸውም። ያሉትን ዛሬም በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ዘነበ ነኝ። ጨረቃዋ በምትጠበቅበት ምሽት፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ዒድ ገባ ብለን ነግረናችኋል። በቃል አልነገርንም። በየዓመቱ የዒድን ዜና ስናስከትልባት የኖርናትን መንዙማ ያለጊዜዋ በመልቀቅ ነገርናችሁ። የለቀቅኳት እኔ ነኝ። የሰማችሁት ትክክል ነው፤ የተሳሳትነው እኛ ነን። ሰምታችሁ ለሌላ የነገራችሁ ሁሉ አልዋሻችሁም። አፉ በሉን።»

በማግስቱ ጠዋት የማታው ዝግጅት እንደ ልማዱ ሲደገም ቴክኒሻኑ ይህንንም ሳይቆርጥ ለቀቀው፤ እኔም ፒያሳ አብሬያቸው ወረድኩ። ፈርቼ ነበር። ሊስትሮው ጫማቸውን ሳይነካ ቀና ብሎ አያቸውና «ማታ ትንፋሽዎ በዛ» አላቸው። ከዚህ ሌላ ምንም ያለን ሰው አልነበረም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን የዝውውር ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ኮምቦልቻ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት። «ቆላ ነው፣ ሙቀቱ ለጉልበቴ ደግ ነው» ብለው ዝንጅብላቸውን ከመሳቢያው አወጡ። ያ ድምፅ ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ ተሰምቶ አያውቅም። ወንበራቸውን ኃላፊያችን ለእኔ ሰጡኝ። ለረጅም ጊዜ ስቀመጥበት ይቆረቁረኝ ነበር።

ኮምቦልቻ ከወረዱ በኋላ ከቢስቲማ የመጣ አንድ ነጋዴ የሼህ እንድሪስን መልእክት አደረሰን። መንደርተኛው የዚያችን ቀን ቀዷ፣ የተበላውን ጾም ምትክ፣ በአንድ ላይ ሊጾም ቀን ቆርጧል፤ «ለማፍጠሪያው ኑልን» ብለዋል። ጋሽ ዘነበን ከኮምቦልቻ ጠርቼ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን፣ በሐይቅ በኩል አድርገን ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ ዳቦ አውጥቼ ለእሳቸው ስዘረጋ በእጃቸው መለሱልኝ። ዝንጅብላቸውንም አላኘኩም።

«ጋሽ ዘነበ፣ የእኛ ጾም ውኃም የለውም እኮ» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉ።

ዳገቱን ስንጨርስ ሼህ እንድሪስ ጥላ ሥር ቆመው ተቀበሉን። የጋሽ ዘነበ ከንፈር ደርቆ ሲያዩ እሳቸውም እንደጾሙ ገባቸው። «አንተ ደግሞ ምን ሆንኩ ብለህ? ቀዷ ያለበት የበላ ነው።»

«የበላው እርስዎ ነዎት፣ ያበላሁት እኔ» አሏቸው ጋሽ ዘነበ። ሽማግሌው ሳቁና እጃቸውን ይዘው ወደ ጥላው አስገቧቸው።

እኔ አመሌ አይለቀኝም፤ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ያችን ማታ ዒድ መሆኑን ከማን እንደሰሙ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ሬዲዮ የሰማ አንድም አልነበረም። «ሬዲዮ ምን ያውቃል?» አለችኝ አንዲት አሮጊት። «ሼሁ ናቸው ያሉን።» ታዲያ ተቀይመዋቸው እንደሆነ ስጠይቅ ጥያቄዬ ራሱ አስገረማቸው። ሰው ይሳሳታል፤ ቀዷ የተሠራው ለምን ሆነና። የተቀየሙት ራሳቸው ሼሁ ናቸው፣ ራሳቸውን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ያሰግዳችሁ ብለው መስጊዱ ውስጥ ከኋላ ይቆማሉ፤ መንደርተኛው ደግሞ በእሳቸው ፋንታ ከፊት የሚቆም ሰው አልሰጠም። ሁሉም በየራሱ ሰግዶ ይሄዳል።

«ኸፊት እንዲመለሱ ለመንናቸው» አለችኝ አሮጊቷ። «ያ ሰውዬ በሬዲዮ ኸተናገረ ወዲህ ፊታቸው በርቷል። ባትሪ ድንጋይ ገዝተው ሁለቴ ነው ያሰሙን፣ ማታም ሲደገም ጠዋትም። ግን ቀዷዋን ሳልከፍል አልቆምም አሉ።»

ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ወረደች። አዛን ተባለ። ተምር ታደለ፣ ውኃ ተጠጣ። ጋሽ ዘነበ የመጀመሪያዋን ተምር ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የበሉት፤ ልጆቹ ሳቁባቸው። ከዚያ ሰው ሁሉ እየተነሣ ተሰለፈ። ሴቶቹ ከኋላ ነበርንና ሁሉን አየዋለሁ። ረድፎቹ ሞሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። የኢማሙ ቦታ ባዶ ነው። ማንም ወደዚያ አላየም። ጋሽ ዘነበ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከግቢው ጥግ ቆመዋል።

ሼህ እንድሪስ ኋለኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። ጎንና ጎናቸው ያሉት ሰዎች ትንሽ ፈቀቅ አሉላቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን አቀርቅረው ቆዩ። ከዚያ በረድፎቹ መካከል አልፈው ሄዱና ከፊት ቆሙ። የመጀመሪያው «አላሁ አክበር» ዝቅ ብሎ ተሰማ፤ ሁለተኛው ጸና፤ እኛም ተከተልናቸው።